ሙት ወቃሽ

ማለዳ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ላሞቹ ሲታለቡ፣
በየጋጣው ጣራ ሥር ሬዲዮኖች ሲያነበንቡ፣
ያ ድምፅ የኔ ነበር።
ሌላንድ ቱርጌሰን፣ ከላርክ ፌሪ መንደር፣
ስለ ወተት ዋጋ፣ ስለ ግብር ጫና፣ ስለ ልቅ ድንበር
ሃያ ስድስት ዓመት ስናገር፣ ስናገር።

በዚያ በምርጫ መኸር፣
በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ገላጣ ሲቀር፣
በየደጁ ሣር ላይ የዕጩ ስም ሲተከል እንደ ችግኝ፣
አንዱን ቀልድ ደጋገምሁት፤ የሰው ሳቅ አሞቀኝ፦
«በትልቁ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ማዶ፣
መቃብሩ ይከፈታል፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ማልዶ፤
ሙታን ይሰለፋሉ መታወቂያ ሳይዙ፣
ድምፅ ሰጥተው ይገባሉ፣ ማንም ሳይል ‹ያዙ!›»

አንድ ሰው አልሳቀም። ሚስቴ፣ አርዲስ ነበረች።
ማታ ሳህን ስታጥብ፣ ፊቷንም ሳታዞር፣
«ዛሬም ድምፅህን ቀነስሁት» አለች።

አርባ አንድ ዓመት ባንድ ገበታ ስንቀመጥ
አንድ ቀን አልነገረችኝም ማንን እንደምትመርጥ።
«ድምፄ የኔ ነው» ትላለች፣
ቅቤውን ታቀብለኛለች።

ከዚያ ልዩነቱ ጠበበ፤
ካንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ያነሰ ሰው ግዛቱን አናወጠ፣
ክስ በክስ ላይ ተነባበረ፣
ጎረቤት ከጎረቤት አኮረፈ፣
«እንደገና ይቆጠር» ተባለ።
እኔም ለወገኔ ታዛቢ ሆኜ ወረድሁ፣
ከፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ ቴርሞስ ይዤ፣ ባጅ ደረቴ ላይ ሰክቼ።
(ልቅሶዬ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ሥራ ያስረሳል ብዬ።)

ማርሊስ ፔትሪክ፣ የምርጫ ጸሐፊዋ፣
በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺዋ፣
ወገኔ አይደለችም፤ ግን እጇ አይታማም።
ያልተከፈቱትን ፖስታዎች ስታገላብጥ፣ ክርክር ያለባቸውን፣
አንዱ ላይ ቆመች። መነጽሯን አወለቀች።
«ሌላንድ» ብላ ጀምራ መልሳ ዋጠች።

አየሁት። የአርዲስ እጅ ጽሕፈት።
የስሟ መጨረሻ ፊደል ጭራውን እንደ መንጠቆ ጥሎት።
በኦክቶበር አሥራ አራት ፖስታ ቤት አስገብታ፣
በሃያ ስምንተኛው ያረፈች፣
ለማንም ሳትነግር፣ ለኔም ሳትነግር፣ እንደ ልማዷ።

የኛ ጠበቃ፣ ከማዲሰን የመጣ ልጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፦
«ዝም በል። ያንተ ሚስት አይደለች? ድምፁ የኛ ነው፤ ይለፍ።»
የማሞቂያው ቧንቧ ያፏጫል።
ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሬዲዮ ስንት ጊዜ አነበብሁት፦
ከምርጫው ቀን በፊት የሞተ ሰው ድምፁ አይቆጠርም።
ሕግ ለማዶ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ ሕግ አይደለም፤
በጎረቤት ላሞች ላይ ብቻ የሚዘጋ በር ነው።

«ሟች ናት» አልሁ። «ይለይ።»
ሦስት ካውንቲ ያዳረሰ ድምፄ ጠረጴዛውን አልተሻገረም።
«አልሰማሁህም» አለች ማርሊስ።
ደገምሁት።

ሰው የሞተን ሲያነሣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፣
ፈራ ተባ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አርጎ፤
እኔ ግን ስቀልድ አላልሁም። ስቀጥፋቸው ነበር በጅምላ፣
ስም እንደሌላቸው፣ ሳህን እንዳላጠቡ፣ ቅቤ እንዳላቀበሉ።

ማግስቱን ደግሞ ማለዳ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣
የወተቱን ዋጋ አነበብሁ፣ የበረዶውን ብዛት።
አንድ ሰው ደወለ፦ «ሌላንድ፣ ሙታኑስ እንዴት ከረሙ?»
ወደ አየር ሁኔታው ተመለስሁ። አልሳቅሁም፣ አልመለስሁለትም።
አልተለወጥሁም፤ መዝገቡ ይጥራ፣ መታወቂያ ይታይ፣ እላለሁ ዛሬም።

ፖስታው ግን ከነማኅተሙ ካውንቲው ሣጥን ውስጥ አለ።
ማርሊስ ጠየቀችኝ፣ በለሆሳስ፣ ማወቅ እፈልግ እንደሆነ።
አልፈለግሁም። ወይም ፈልጌ ፈራሁ።
ዕድሜ ልኬን በምላሴ ስበላ የኖርሁት ሰው
ክዳኑን በጣቴ ዳሰስሁት፣ ሙጫው የያዘበትን ጠርዝ፣
አርዲስ በምላሷ አርጥባ የዘጋችውን።